ቅቤ የጠጡት እስክሪብቶዎች

ነቀምቴ ላይ የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ሰው ከማን አጠገብ እንደሚጠለል አይመርጥም። እንጨት ሠሪው ኦቦ ዋጋሪም ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የተጠጉት በሩጫ ነበር። በፌስታል የያዙት ከዋንዛ እንጨት የሠሯቸውን ሃያ እስክሪብቶዎች ነው። ትምህርት ቤቱ ጡረታ ለሚወጡ መምህራን ስጦታ ብሎ አዝዟቸው፣ «ቫርኒሹ ይላጣል፤ እጅ ላይም ይጣበቃል» ሲል መልሶባቸዋል። እስከ መጪው ሳምንት አርብ ካልተስተካከሉ የፕላስቲክ ይገዛል።

«አካም ጂርቱ፣ አባኮ? ደህና ነዎት፣ አባቴ? ስልክ ቁጥር ልጽፍ ነበር፤ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለች አጠገባቸው የቆመች ወጣት። ፌኔት ትባላለች፤ የዲጋ ልጅ ስትሆን ነቀምቴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ታስተምራለች።

ሃያ እስክሪብቶ ታቅፎ «የለኝም» ማለት ይከብዳል። አንዱን አውጥተው ሰጧት። ጽፋ ስትጨርስ ጣቶቿን አሻሸች፤ ከዚያም አሸተተቻቸው።

«ቅቤ ቀብተውታል እንዴ?»

«ታዲያስ! አባቴ ገበታውንም የወተት ዕቃውንም በቅቤ ነው ያሳደገው። እንጨት ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል።»

«ለገበታው እውነትዎን ነው። ገበታ ላይ ግን ቫርኒሽ አይቀባም።»

«የተበላሸውስ ቫርኒሹ ነው! የዘንድሮ ቫርኒሽ ውሃ ነው።»

«አባኮ፣ ቅባት በነካው እጅ ላይ ፕላስተር ቢለጥፉ ይይዝልዎታል?»

ኦቦ ዋጋሪ ተናደዱ፤ ይበልጥ ያናደዳቸው መልሱን ማወቃቸው ነው። እሳቸውን በክርክር የረታ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ሊረቱ ሲቃረቡ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ ያዞሩታል።

«ይሄ ዝናብ ዛሬ አያባራም» አሉ።

«እንግዲያው ጊዜ አለን» አለች ፌኔት።

«እኔ ቶርኖ ላይ ስቆም አንቺ አልተወለድሽም። አባቴ ያወረሰኝን ጣል ነው የምትዪኝ?»

«ማን ይጣል አለ? ይሄን የመሰለ ቅርጽ እኔም አላወጣም። ቅቤው ግን እዚህ ቦታው አይደለም። አዲሱ እንጨት እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ በቲነር ይጥረጉት። ከዚያ ቫርኒሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ያሳድሩት፣ ይድገሙት።»

«በዚህ ክረምት? ስንት ቀን ልጠብቅ ነው?»

«በክረምትማ ይባስ! ባንዴ ቢያወፍሩት ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል።»

«ባይሆንስ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጡረታ ከሚወጡት አንዱ መምህር ገብረክርስቶስ ስድስቱንም ልጆቼን ያስተማሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን የሚያጣብቅ ነገር ሰጥቼ ልሸኛቸው?»

ፌኔት ፈገግታዋን ተወች። «አንዱን ብቻ ይሞክሩ። ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው እርስዎው ይፍረዱ።»

ሞከሩ፤ እውነቱን ለመናገር ልጅቷን ሊያሳፍሩ ነበር። ቅዳሜ ሁለቱንም በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጓቸው። ቅቤ በጠጣው ላይ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ በአዲሱ ላይ ጥፍራቸው ተንሸራተተ። ሰኞ ማለዳ የቀሩትን አሥራ ዘጠኙን መፋቅ ጀመሩ።

አርብ ዕለት በሽኝቱ ላይ መምህር ገብረክርስቶስ በተሰጣቸው እስክሪብቶ ስማቸውን ጽፈው መዳፋቸውን ገልጠው አዩ። ምንም አልነካውም። ኦቦ ዋጋሪ ከኋለኛው ወንበር ላይ ሆነው በረጅሙ ተነፈሱ።

ትምህርት ቤቱ ለከርሞም አዘዘ፤ የዋንዛው መልክ ከቫርኒሹ ሥር ጠርቶ ታየ፤ ቅቤውም ወደ ጨጨብሳው ስለተመለሰ ባለቤታቸው አዴ ደራርቱ ደስ አላቸው። አሁን ከአርጆ እንጨት ሠሪዎች ሲመጡ ኦቦ ዋጋሪ «መጀመሪያ ጥረጉ፣ ቀጥሎ ታገሡ» ይሏቸዋል። ማን አስተማረዎት ሲባሉም «ከልጆቼ የምታንስ ልጅ» ብለው ይመልሳሉ፤ ይህን አፍ አውጥተው ለመናገር ግን ቫርኒሹ ከሚደርቅበት ጊዜ በላይ ፈጅቶባቸዋል።