ግማሽ ሰዓት የቀደመው ቢሮ

እንዴት ዋልሽ አንቲ ኮርኮር? ከበቆሎ ሊጥ የቀቀልሽው ኬንኬሽ ዛሬ ትኩስ ነው፤ ዓሣውም ገና አሁን ከባሕር የወጣ ይመስላል። በርበሬውን ጨምሪልኝ እስቲ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ ሐፍረቴ አይታይም... ለዚያኛው አግዳሚ ጀርባዬን የሰጠሁት ፀሐዩን ሽሽት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ቴቴ፣ አንተ አዋቂ ነህ» ትይኝ የለ? የተማረ ይግደለኝ ያለ ሰው እኔን አላየኝም። ቴማ ወደብ ላይ ዕቃ አስለቃቂ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ይጠግናል ተብዬ ደሞዝ እበላለሁ። ሰሞኑን ኦዳርኮር... አዎ፣ ያቺ ሁልጊዜ የዓሣውን ጭንቅላት ጨምሪልኝ የምትልሽ የቢሯችን ልጅ... በኮምፒውተር የምትፈርመው ፊርማ ጉምሩክ ሲደርስ «ትክክለኛ አይደለም» እየተባለ ይመለስ ጀመር። እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ገመድ ቀየርኩ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የፊርማ ቁልፏ ያለበትን ፍላሽ በሸሚዜ ጠርጌ እፍ አልኩበት። የቀረኝ ጸሎት ነበር፤ እሱንም አደረስኩ።

አንድ የቢሯችን ትልቅ ሰው ግን... ስማቸውን ከኋላዬ ያለው አግዳሚ ያውቀዋል... እንደኔ አልለፉም። ምን ያለፋቸዋል? «ልጅቷ ቁልፏን ለሌላ ሰው ሰጥታ አስፈርማለች» አሉና ወደ ቤቷ ሸኟት። እኔ ማስረጃ ስፈልግ እሳቸው ፈርደው ምሳቸውን በልተዋል። እንዲህ ያለ ብሩህ አእምሮ በየቢሮው ይገኛል?

ለሰዓትስ ያላቸው ፍቅር... ሠራተኛ እንዳያረፍድ ብለው የግድግዳውን ሰዓት ሁሉ ግማሽ ሰዓት አስቀድመውልናል። በቅርቡ ደግሞ ኦዳርኮር የምትፈርምበት ኮምፒውተር ምን በደለ ብለው እሱንም በገዛ እጃቸው አስቀደሙት። እኛማ ለምደነዋል፤ ሰዓት ባየን ቁጥር በሆዳችን እንቀንሳለን። እኔ ሞኙ ያን ሰዓት ስንቴ አየሁት መሰለሽ? አያለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ «ልክ ነው» እላለሁ። የጉምሩኩ ማሽን ግን የቤታችንን ጠባይ የት ያውቃል? ገና ያልደረሰ ሰዓት የተጻፈበት ፊርማ ሲመጣለት አይቀበልም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጎን ባላስቀምጠው ኖሮ እስካሁን እፍ እያልኩ ነበር። ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው የነቃሁት። ትናንት የተመለሰውን፣ እሷው የፈረመችውን ወረቀት ምንም ሳልነካው መልሼ ላክሁት... ሰዓቱ ደርሶለታልና አለፈ። ፊርማው የራሷ ነበር አንቲ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ቢሮ ግን የቸኮለው ሌላ፣ የፈሰሰችው ኦዳርኮር፣ ለቃሚው እኔ።

ልጅቷ አሁንም ቤቷ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔም ሆዴ ተቃጥሏል፤ በርበሬሽ ብቻ አይደለም። ግን ይጠሯታል፤ ለመፍረድ የፈጠነ ሰው ለመጥራት ይዘገያል ብዬ አላማም። ማን ያውቃል... በሳቸው ሰዓት ጠርተዋት ይሆናል፤ እኛ ነን ገና ያልደረስንበት።

ምን አስወራኝ? መመረቅ ይሻለኛል። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ የልጅ ልጅ ያሳያቸው። የጡረታቸውንም ቀን... አሜን በይ እንጂ አንቲ... በራሳቸው ሰዓት ያድርግላቸው።