ድምፃቸውን ለኮምፒውተር የለቀቁት መምህር ጃራ ቢቂላ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የዕድር አባላትና የሥራ ባልደረቦች፣ በዚህ ብርድ ከሰበታም ከቡራዩም ተነሥታችሁ ሱሉልታ ድረስ ስለሸኛችኋቸው ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ፣ የመምህር ጃራ ባለቤት የወይዘሮ ብርቅዬ ወንድም ተክሉ ነኝ። መምህሩ ታመው ሳሉ፣ «ውዳሴ አታብዙብኝ፤ ተማሪዎቼ ይስቃሉ» ብለው ስላስጠነቀቁ፣ የሠመረላቸውም የቆጫቸውም ሳይሸፋፈን ቀርቧል።

መምህር ጃራ ከአባታቸው ከኦቦ ቢቂላ ኦዳና ከእናታቸው ከአዴ ወርቅቱ በ1952 ዓ.ም. በዚሁ በሱሉልታ ገጠር ተወለዱ። ወላጆቻቸው እያረሱና ወተት ለአዲስ አበባ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ጃራ በቤታቸው ኦሮምኛን፣ በትምህርት ቤት አማርኛን ለምደው ሲያበቁ፣ ሦስተኛውን ቋንቋ እንግሊዝኛን ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ከአጎታቸው ሬዲዮ ስለያዙት፣ ወተት ይዘው ወደ ከተማ ሲወርዱ የሰሙትን ዜና በመንገዱ ላይ ጮክ ብለው ይደግሙት ነበር። ታላቅ እህታቸው፣ ልጁ ለይቶለታል ብለን ጠበል ልንወስደው ምንም አልቀረን ሲሉ እስከ ዛሬ ያስቁናል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንጦጦን ተሻግረው በአዲስ አበባ ከተከታተሉ በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቀው፣ በ1974 ዓ.ም. በወለጋ ሥራ ጀመሩ። ወደ ቡራዩ ተዛውረው ሲመጡ ከእህታችን ከወይዘሮ ብርቅዬ ጋር ተዋውቀው በ1981 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ሶያማንና ገመቺስንም ወለዱ። ኑሯቸውን በቡራዩ አድርገው በሰበታ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ተመላልሰዋል።

ያን ታክሲም በከንቱ አልተሳፈሩበትም። ተማሪዎቻቸውን በሁለት ረድፍ አስቀምጠው አንዱን ሾፌር፣ አንዱን ረዳት፣ የቀሩትን ተሳፋሪ እያደረጉ፣ ትርፍ ሰው ለምን ጫንክ፣ ወራጅ አለ ስል ለምን አለፍከኝ እየተባለ ጭቅጭቁ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ያደርጉ ነበር። ራሳቸውም ነገረኛ ተሳፋሪ ሆነው ይገባሉ። ርእሰ መምህሩ ከእርስዎ ክፍል የሚወጣው ሁካታ ሌላውን አላስተምር አለ እያሉ ቢቆጡም፣ መምህር ጃራ ይቅርታ ጠይቀው በማግሥቱ ያንኑ ይደግሙታል። ከዚያ ክፍል የወጡ ልጆች እየተሳሳቱም ቢሆን ከማንም ጋር ከመናገር የማያፍሩ ነበሩ።

ለዚህ ክፍል ኮምፒውተር እንዲመጣለት ለዓመታት ደጅ የጠኑትም እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በ2001 ዓ.ም. አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ኮምፒውተሮችን ከነጆሮ ማዳመጫቸው ሰጥቶ የቋንቋ ላቦራቶሪ ሲመረቅ፣ እንግዳው ሁሉ ለስላሳውን ይዞ ሲጨዋወት መምህር ጃራ ማዳመጫውን አድርገው ለብዙ ሰዓት ከወንበራቸው አልተነሡም። ከማዳመጫው የሚሰሙት አነጋገርና እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩት አልመሳሰል አላቸው። ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው፣ የሰውን ልጅ ሳበላሽ ኖሬያለሁ ብለው ራታቸውን ሳይነኩ ቀሩ። እህታችን ብታጽናናቸውም የሚሰማ ጆሮ አልነበራቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለተማሪዎቻቸው የሚሉት፣ «እኔን አትስሙ፤ እሱን ስሙ» ሆነ። የታክሲው ጨዋታ ቀረ፤ ተማሪው ማዳመጫውን አጥልቆ ኮምፒውተሩ ያለውን ይደግማል፣ መምህሩም በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወሩ የተቋረጠ ገመድ ያገናኛሉ። ርእሰ መምህሩ በጸጥታው ተደስተው የምስጋና ወረቀት ሰጧቸው፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶችም ልምድ ልንቀስም ነው የሚሉ ይመጡ ጀመር። ተማሪዎቹ ቃላትን አጥርተው ይጠሩ እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እርሱም በሰበታ ብዙ ጊዜ ነበር፣ መምህር ጃራ ጠመኔ ይዘው እንደ ድሮው በመናገር ፈንታ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው መብራቱ እስኪመጣ እንዲጠብቁ ያደርጉ ነበር። መምህሩ ፊታቸው ቆመው እያሉ የቋንቋ ትምህርት መብራት ይጠብቅ ነበር።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪያቸው ሬሐና፣ ከምትሠራበት ፋብሪካ አንድ ሕንዳዊ መሐንዲስ አስከትላ ለሥልጠና የሚሆኑ ልጆች ለመምረጥ ወደዚያ ክፍል መጣች። መሐንዲሱ ልጆቹን በእንግሊዝኛ፣ በከተማችሁ ብትችሉ ምን ታስተካክሉ ነበር ብሎ ጠየቀ። የሚደገም ሳይሆን የሚመለስ ጥያቄ ስለነበር ክፍሉ በሙሉ አቀረቀረ። እንግዳው እንዲያግዙት ወደ መምህሩ ቢዞር፣ መምህር ጃራም ሰው ፊት በራሳቸው አነጋገር ማፈራቸው አልለቃቸው ብሎ በእጃቸው ወደ ኮምፒውተሮቹ ከማመልከት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ክፍል ማንም አልተመረጠም። ሬሐና ስትወጣ ወደ ኋላ ቀርታ፣ «ቲቸር፣ እኔን ያስለፈለፉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ? ምን ነካዎት?» አለቻቸው።

ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣቸው። የመሐንዲሱ እንግሊዝኛ ከእርሳቸው እንግሊዝኛም ይልቅ ከኮምፒውተሩ አነጋገር የራቀ እንደ ነበርና ሰውዬው ግን ቅንጣት ሳያፍር ሥራውን ሲሠራበት እንዳዩ፣ ጥፋቱም የመሣሪያው እንዳልነበረ፣ ኮምፒውተሩ ማሰማቱን እርሳቸው ማነጋገሩን መካፈል ሲችሉ ሁሉን ለእርሱ ጥለው እንደ ሸሹ ለባለቤታቸው በግልጽ ነገሯቸው። በሳምንቱ ማዳመጫውን አስወልቀው እንደ ቀድሞው በድምፃቸው ማስተማር ጀመሩ። ልጆቹ ገና መድፈር ሲጀምሩ ግን በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ዓመትም ጡረታቸው ደረሰ። ዳግመኛ ክፍል አልገቡም።

ልጃቸው ሶያማ ይህን ቁጭት አይታ፣ አባዬ በቴሌግራም ድምፅዎን እየላኩ ያስተምሩ ብላ ተማሪዎችን ሰበሰበችላቸው። እርሳቸውም በየጠዋቱ ይቀዳሉ፣ መልሰው ይሰሙታል፣ ያጠፉታል። አንድም ቀን የላኩት የለም። እኛም ያን ጊዜ ሽማግሌ ስልክ አልሆነለትም ብለን ቀለድን እንጂ በውስጣቸው ያለውን አልተረዳንም፤ ይህ ዛሬ ያንገበግበናል።

መምህር ጃራ በስኳር ሕመም ሳቢያ ኩላሊታቸው ተጎድቶ በአልጋ ላይ በዋሉበት ባለፈው ክረምት፣ የልጅ ልጃቸው ዕድላዊት ሰው ሲያናግረው የሚሰማና በድምፅ የሚመልስ ፕሮግራም በስልኳ ከፍታ ከጎናቸው አኖረችላቸው። አያትየው ሲፈሩ ሲቸሩ ቆይተው ስለ ሱሉልታ ብርድ በዚያው በራሳቸው እንግሊዝኛ አወሩት። እርሱም ይድገሙልኝ ሳይል መልሶ ጠየቃቸው፤ እነርሱም እየተቀባበሉ ብዙ ተጨዋወቱ። በመጨረሻ ስልኩን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ለካ ይሰማኛል» ብለው አለቀሱ። በእነዚያ ልጆች ፊት ለምን ዝም አልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ እያሉም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲቆጩ ኖረዋል።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ጥር 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብርቅዬን፣ ልጆቻቸውን ሶያማንና ገመቺስን፣ የልጅ ልጃቸውን ዕድላዊትን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እንዲሁም እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ትተዋል። ከእነዚህም መካከል መብራት እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ የጠበቃችሁ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ መምህራችሁ ድምፃቸውን ስለነፈጓችሁ ይቅርታ የጠየቁት እናንተን ነውና፣ አፈሩ ሳይመለስ በመሰላችሁ ቋንቋ፣ በገዛ አነጋገራችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ይቅር ብለንዎታል በሏቸው።

የሁሉን አንደበት ለይቶ የሚሰማ እግዚአብሔር የመምህር ጃራን ነፍስ ከቅዱሳኑ ማረፊያ ያግባልን፤ ለቀረነውም ሳይመሽ የምንነጋገርበትን ልብ ይስጠን። አሜን።