የመሃለኛው ሣጥን

ባሕር ዳር፣ የትርሲት ቤት በረንዳ፤ ሦስት የእንቁራሪት መስታወት ሣጥኖች ተደርድረዋል፣ በበሩ በኩል ያለው የአንዲት የታመመች እንቁራሪት ነው፤ ትርሲት ለሥልጠና ሄዳ ጓደኛዋ ሐረገወይን ስትጠብቅላት የመሃለኛው ሣጥን እንቁራሪቶች ሞተዋል፤ ሐረገወይን ትል የሚያመጣው ዓሣ አጥማጅ ጌትዬ ነክቷቸው ነው ብላለች።

ሐረገወይን፦ ጌትዬን ሰደብሽው፣ ወጣልሽ። በቃ፣ ነይ እኔ ቤት ምሳ እንብላ።

ትርሲት፦ አልወጣልኝም። በዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ፊት፣ "ትል አምጣ አልኩህ እንጂ ባልታጠበ እጅህ ሣጥን ክፈት መች አልኩህ?" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ መረቡን ይጠግናል።

ሐረገወይን፦ ምን አለሽ?

ትርሲት፦ "ትሉን ለሐረግ በር ላይ ነው የምሰጣት፤ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።"

ሐረገወይን፦ ታዲያ ነካኋቸው ይበልሽ? ሰረቅሁ ያለ ሌባ የት አለ?

ትርሲት፦ እሺ። ይህን ባዶውን ሣጥን በዚያ በኩል ያዢልኝ፣ ልጠበው።

ሐረገወይን፦ ወገቤን አሞኛል።

ትርሲት፦ እኔ የፈለግሁት እጅሽን ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ከነጠላሽ ውስጥ አልወጣም።

ሐረገወይን፦ በርዶኝ ነዋ።

ትርሲት፦ በሚያዝያ? ባሕር ዳር?

ሐረገወይን፦ ሥልጠናው የፖሊስ ነበር እንዴ?

ትርሲት፦ ሐረግ፣ እጅሽን አሳዪኝ።

ሐረገወይን፦ ይኸው። እንሶስላ ነው። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ሚዜ ሆኜ ነው። ምነው፣ አይተሽ አታውቂም?

ትርሲት፦ ያምራል። መቼ ሞቅሽው?

ሐረገወይን፦ አንቺ በሄድሽ ማግስት።

ትርሲት፦ ከዚያ ወዲህ በየሣጥኑ መሃል በሳሙና የታጠበ እጅ ይህን ያህል ይደምቃል? የኔን ተመልከቺ፣ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል።

ሐረገወይን፦ ሥሩ ጥሩ ነበር። ቶሎ አይለቅም።

ትርሲት፦ በየማታው እደውልልሽ ነበር። "ከጤነኞቹ ጀምሪ፣ የታመመችውን መጨረሻ አድርጊ፤ በየመሃሉ ታጠቢ፣ ሳሙናውንም በደንብ አለቅልቂው፣ ቆዳቸው የነካውን ሁሉ ይጠጣል" ስልሽ፣ "ታጥቤያለሁ" ትዪኛለሽ።

ሐረገወይን፦ ብዬሻለሁ።

ትርሲት፦ ማለት ብቻ መች ሆነ። ቧንቧውን ከፍተሽ፣ ስልኩን አስጠግተሽ፣ ውኃው ሲወርድ አሰማሽኝ። እኔም ተባረኪ ብዬ ተኛሁ።

ሐረገወይን፦ ትርስዬ...

ትርሲት፦ በዚያ ውኃ ማን ታጠበ?

ሐረገወይን፦ ማንም። እንሶስላው ይለቅብኛል ብዬ ነው። በጨርቅ ጠረግ አደርገው ነበር፤ የሚበቃ መስሎኝ። የታመመችው ለበሩ ትቀርባለች፣ ከሷ እጀምራለሁ። ከዚያ የመሃለኞቹን አንስቼ ውኃ እቀይርላቸዋለሁ።

ትርሲት፦ የዳር ያሉትንስ?

ሐረገወይን፦ እነሱን አልነካኋቸውም። ትሉን ከላይ ነው የምጥልላቸው። ስንፍናዬ አተረፋቸው በይ።

ትርሲት፦ እስኪለይላቸው ቆዳቸውን እያየሁ እቀመጣለሁ። ስልክ ላይ "እንሶስላ ሞቄያለሁ፣ አልችልም" ብትዪኝ እኮ ጎረቤት እለምን ነበር። አልቆጣሽም ነበር። አንቺ ግን ጌትዬን ሰጠሽኝ።

ሐረገወይን፦ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲነካ ይውላል፤ እሱ ነው ቢባል ይታመናል ብዬ...

ትርሲት፦ ታመነ። ያንቺ እጅ እንዳይደበዝዝ የሱን አቆሸሽኩት።

ሐረገወይን፦ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲሉ እስቅ ነበር። አንቺ ላይ አደረግሁት። አሁን ምን ላድርግ?

ትርሲት፦ ነጠላሽን እዚህ ተዪና ሐይቁ ዳር ውረጂ። እጅሽን አሳዪውና የሆነውን ንገሪው። እኔም ተከትዬሽ እመጣለሁ፤ እኔም ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል።

ሐረገወይን፦ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?

ትርሲት፦ የሰደብኩት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው።

ሐረገወይን፦ ከሄድኩ ይቅር ትዪኛለሽ?

ትርሲት፦ ይቅርማ እላለሁ። የቤቴን ቁልፍ ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ።