አክስቴና ውስጠኛው ክላስ

ጃቫ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ አንድ ክላስ፣ ማለትም አንድ የፕሮግራም ክፍል፣ ሌላ ክላስ ውስጥ የሚጻፈው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። እጄን አውጥቼ መጠየቅ ስለማፍር ትርጉሙን ሸምድጄ አለፍኩ። ዙሪክ ውስጥ ግን ሥራ ልቀጠር ስሄድ "በራስሽ ቃል አስረጂን" ይሉኛል። በዚሁ የተነሳ ሁለቴ ወደቅሁ።

ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጄኔቭ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች፤ የምትኖረውም እዚያው ነው።

"ምንድን ነው የምታነበንቢው? ዳዊት እየደገምሽ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

እያፈርኩ፣ "ውስጠኛው ክላስ የውጪኛውን ምስጢር ሁሉ ያያል፤ ያለ ውጪኛው ግን አይፈጠርም" አልኳት።

"እኔን እኮ ነው የምታወሪው! የእመቤቲቱን መድኃኒት፣ የባልየውን ኩርፊያ ሳይቀር አውቃለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ግን በእነሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቆይ፣ እነሱ የሌሉ ቀንስ?"

"ውስጠኛው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ኮምፒዩተሩ ውጪኛውንም አያጠፋውም።"

"ጎሽ! እንግዲያው እኔ እያለሁ ወደ ሌላ አገር ዝውውር የለም በያቸው!" አለችና ትከሻዬን መታ አደረገችው። "አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የሸመደድሽው እኔ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ገባኝ እኮ!"

ወደ ዙሪክ ስመለስ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ማክሰኞ ሲጠይቁኝ ሽምደዳውን ትቼ፣ "ጄኔቭ የምትኖር አንዲት አክስት አለችኝ" ብዬ ልጀምር ወሰንኩ።