የቅዳሜዋ ሲስተር፦ የወይዘሮ ፊሊስታ ሎንግዌ ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ልትካፈሉ በታንኳም በእግርም የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ አንዲት ሴት የሁለት ሥራዎችን ቀን በማለዋወጣቸው ብቻ የዚህ አካባቢ ሰው ጥርስ እንዴት በአፉ እንደቀረ እንነግራችኋለንና፣ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ሰምታችሁ አትቆጩም።

ወይዘሮ ፊሊስታ በማላዊ ሐይቅ ዳር፣ በዚህችው በሉዌንጋ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ሳይላስ ሎንግዌና ከወይዘሮ ኔሊ ካፒታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው በትጋት ከተማሩ በኋላ፣ ወደ ሊሎንግዌ ተልከው የጥርስ ሕክምና ሠልጥነው፣ በ1981 ዓ.ም. በሉዌንጋ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ።

በ1983 ዓ.ም. ከታንኳ ሠሪው ከአቶ ማክፎርድ ምሆኔ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ትውውቃቸው የጀመረው የአቶ ማክፎርድን የመንጋጋ ጥርስ በመንቀል ስለነበር፣ ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ድረስ «ጥርሴን ወሰደችና ራሷን ሰጠችኝ፤ እኔ ነኝ ያተረፍኩት» እያሉ ይስቃሉ።

ለአሥራ ስድስት ዓመታት በዚያች ጠባብ ክፍል የሚሠራው መንቀል ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ለማታውቁት እናስረዳ፦ ጥርስ በአንድ ቀን አይበሰብስም። ከሸንኮራውና ከሻዩ ስኳር በጥርስ ላይ የሚቀረውን ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ጥርሱን ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል። ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ ሊሞላ ይችላል፣ ነገር ግን አያምምምና ማንም አይመጣም፤ ማመም ሲጀምር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እስከ ሥሩ ደርሷልና በእኛ ጤና ጣቢያ ከመንቀል በቀር መላ አልነበረውም።

በ1997 ዓ.ም. ወይዘሮ ፊሊስታ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ጠርጎ ጥርስ መሙላትን ተማሩና መሣሪያዎቹን ተረክበው ተመለሱ። ሆኖም የወረዳው ተቆጣጣሪ «ሲስተር፣ አንድ ዓመት እሰጥሻለሁ። ካልተሠራባቸው ሣጥኔን ይዤ መጥቼ ወደ ከተማ ነው የምወስዳቸው» አሏቸው። ወይዘሮ ፊሊስታም ቅዳሜ ገበያተኛው ስለሚበዛ ያንን ቀን እንደ ቀድሞው ለመንቀል ትተው፣ ጸጥ ያለውን ረቡዕን ለመሙላት መደቡ። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ጥርስ ነቀሉ፤ የሞሉት ዘጠኝ ብቻ ነበር።

መሣሪያዎቹ ሊሄዱባቸው መሆኑን ሲያዩ የአሥራ ስድስት ዓመቱን መዝገብ አወጡና፣ ባለቤታቸው ቀኑን እያነበቡላቸው እሳቸው ምልክት ያደርጉ ጀመር። ድልድዩ በጎርፍ ተወስዶ ገበያ ለሁለት ወር ያልቆመበት ዓመት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ፤ በዚያ ጊዜም ጥርሱን ሊያስነቅል የሚመጣው ሰው አልቀነሰም ነበርና። ሰኞም ሐሙስም፣ በታንኳም በሰው ትከሻም መጥቷል። ያን ጊዜ «ማክፎርድ፣ ተሳስቻለሁ! ያመመው ሰው በማንኛውም ቀን ይመጣል። ያላመመው ግን ዓሣ ሊሸጥ ካልሆነ መቼ ይመጣል? ቅዳሜን የሰጠሁት ለማያስፈልገው ነው» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያላመማቸው ፊት እንዲገቡ፣ ያመማቸውም የሕመም ማስታገሻ እየዋጡ ከቀትር በኋላ እንዲነቀልላቸው አደረጉ፤ የቀሩት ቀናት ግን ለመንቀል ክፍት ሆኑ። ዓሣ አጥማጁ አቶ ያፌት ማንዳ ተቆጥተው «ጤነኛው ፊት፣ በሽተኛው ኋላ! ሲስተር፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» ቢሉም ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ ፊሊስታ ሲመረምሩ ያመማቸው ድድ ብቻ ነበር፤ ጥርሳቸው ላይ ግን የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ አገኙና ድዱን አጽድተው እሷን ሞሉላቸው። አቶ ያፌት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ገባቸው፤ በእኛ አገር ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የተነቀለ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ለቤተሰቡ ካላሳየ እንደታከመ አይቆጠርምና፣ «ባዶ እጄን ልግባ? ሚስቴ መጠጥ ቤት ዋልክ ነው የምትለኝ!» አሉ።

እንደፈሩትም ሚስታቸው ከዓሣ መሸጫው ሆነው «ጥርሱ የታለ?» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ፊሊስታ ከጤና ጣቢያው በር ላይ «አፉ ውስጥ ነው እቴ፣ አስከፍተሽ እዪው!» ሲሉ ገበያው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሴቶቹ አቶ ያፌትን ከዓሣው መደብ አጠገብ አስቀምጠው፣ ተራ በተራ እያጎነበሱ ነጯን ነጥብ አዩ። «ደግሞ አላመመህም?» «እኔ ምኑን ልወቅ? ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም!» በዚያው ከሰዓት በኋላ ምንም ያላመማቸው ሃያ ሦስት ሴቶች አፋቸውን ሊያሳዩ ተሰለፉ።

ዓመቱ ሲሞላ ተቆጣጣሪው ባዶ ሣጥን ይዘው መጡ። መዝገቡን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ ሁለት መቶ አርባ አንድ የተሞላ ጥርስ አግኝተው፣ ሣጥኑን ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ወይዘሮ ፊሊስታ በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ በጤና ጣቢያችን የሚሞላው ጥርስ ከሚነቀለው በልጦ ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ በደም ግፊት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው እንዳሉ፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በሰላም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ማክፎርድን፣ ልጆቻቸውን ታዎንጋን፣ ሉሱንጉንና ዌዚን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም እህታቸውን ወይዘሮ ማጊን ትተውልናል። የሰውን ሥቃይ በእጃቸው ያቀለለ አምላክ የእሳቸውንም ነፍስ ሕመም በሌለበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከነገ ወዲያ ገበያ ይቆማል። ምንም የማያማችሁ ሁሉ፣ ዓሣችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ግቡና አፋችሁን ክፈቱ።