ጋሼ ሚዛንና ሦስቱ የምክር ክፍሎች

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ ሚዛን እዚህ መሥሪያ ቤት የገቡ ቀን እኔ መዋዕለ ሕፃናት ነበርኩ። ያዩት እንደነገሩኝ ከሆነ ግን፣ ጥበቃው ታካሚ መስለውት በቀጥታ ምክር ክፍል አስገባቸው። ስለ እናታቸው ለአማካሪው አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተው ሲያበቁ፣ "ይቅርታ፣ እኔ አዲሱ ባለሙያ ነኝ" አሉ።

"ታዲያ ቶሎ አይናገሩም?"

"አጠያየቅዎ ደስ ብሎኝ ነው። ደግሞ ቀለል ብሎኛል።"

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዟቸው ቀረ፤ ለተጨነቀ ሰው የትኛው የንግግር ሕክምና ይበልጣል? እንደምታውቁት አንደኛ ክፍላችን ሐሳብን ይመረምራል፣ ሁለተኛው ልጅነትን ይቆፍራል፣ ሦስተኛው፣ የእኔው፣ ከልብ ያዳምጣል። ጋሼ ሦስቱን ሊያወዳድሩ ተነሡ፤ እኛም አለቀልን! "ከንግግሩ በቀር ሁሉም እኩል ይሁን" ብለው ሹራባችንን ሳይቀር አንድ ዓይነት ግራጫ አደረጉት። ሚዛን ያልናቸውም ያኔ ነው። የሁለተኛ ክፍል አበባ ሲደርቅ የእኛን ጤነኛ አበቦች አስወጡ። የአንደኛ ክፍሉ ባልደረባችን ጉንፋን ይዞት ሲያስልማ በሬን ከፍተው፣

"አንቺ ልጅ፣ ለምንድነው የማታስዪው?"

"ደኅና ነኛ፣ ጋሼ!"

"እሱን ማን ጠየቀሽ? ትንሽ ሳል ሳል አድርጊ!"

አደረግኩ። ታካሚዬ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ። ጋሼ ወዲያው ለሌሎቹም ክፍሎች ውኃ አዘዙ።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። አለቃችን፣ አይቀየሙኝና፣ "አሸናፊው ክፍል ይቀራል፣ ሁለቱ ይዘጋሉ" ብለው ነበር። እኔ ደግሞ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱም ክፍሎች የሰዉን ጭንቀት በተቀራራቢ መጠን አቅልለዋል፤ የእኔው ግን ለጥቂት ወደ ኋላ ቀርቷል። አለቃችን የክፍሌን ቁልፍ ሲያዩ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሼ ተነሡ። "ይህችን የምታህል ልዩነት በአጋጣሚም ትመጣለች። አንደኛ ክፍል ምንም ያልተሻላት ሴት፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ሦስተኛ ክፍል ገብታ ተሽሏታል። በሩን ስንዘጋ የምንዘጋው በእሷ ላይ ነው። እኔ የሌለ አሸናፊ አልሾምም።"

ይኸው ሦስቱም በር ዛሬም ክፍት ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራዬን እየወደድኩ ስለ ሥራዬ አለመዋሸትን ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ትናንት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ "ቤት ስቀመጥ ቢጨንቀኝስ?" አሉን። ሦስታችንም "ወደ እኔ ይምጡ!" ብለን ተንጫጫን። እርስዎ ደግሞ፣ "ተዉ፣ በአንድ ሰው ምንም አይረጋገጥም" አሉ።

ጋሼ፣ ምንም እንዲረጋገጥልን አንፈልግም። ብቻ ይምጡ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ጋሼ፣ ጤና አይጡ፤ የሚያዋራዎት ሰው አይጡ!