የኡም ከሪም ምስክር

በእኛ ጊዜ፣ እኛ ወጣት ሆነን እዚህ ካይሮ በመጣንበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ካየህ ለፀሐይ ነው። ወላሂ ለፀሐይ! ዝናብ ብርቅ ነበር። በዓመት አንዴ ጠብ ጠብ ትልና የመኪናውን አቧራ ጭቃ አድርጋ ትሄዳለች፣ በቃ። እና እኔ የወሎ ልጅ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያስገመግም ያደግኩ፣ ግብጾቹ በሦስት ጠብታ ሱቅ ዘግተው ሲሮጡ እያየሁ እስቅ ነበር። "ይሄም ዝናብ ሆኖ!" እል ነበር። ታዲያ የሳቅኩበትን አየሁት።

ሰዒድ፣ እየጻፍክ ነው? ጻፍ እንግዲህ። የምለውን ብቻ ጻፍ፣ አታሳምርልኝ።

መጀመሪያ ምን እሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። የመጣሁት እንደናንተው ልማር ነው። ትምህርቱን አልጨረስኩትም፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እሱን ተዉት። የቀረሁት መጽሐፍ እየጠረዝኩ ነው። ከናስር ሲቲ ዳር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ባድሩም ተከራየሁ። ባድሩም የሚሉት ከመሬት በታች ያለውን ቤት ነው፣ ስምንት ደረጃ ወርደህ የምትገባበት። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ያመጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ኮላ እቀባለሁ፣ ጠንካራ ካርቶን አለብሰዋለሁ፣ ስሙን በወርቅ ቀለም አትምበታለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። የሰው ድካም በእጅህ ላይ ቅርጽ ሲይዝ ደስ ይላል።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት መበለት ነበረች፣ ኡም ከሪም የሚሏት፣ የከሪም እናት ማለት ነው። ልብስ ትተኩሳለች። ባሏ ነበር ተኳሹ፣ እሱ ሲሞት ካውያውን እሷ አነሳችው። ሰፈሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ "ሴት መክወጊ!" አለ፣ ልብስ ተኳሽ ማለታቸው ነው፣ በኋላ ሸሚዙ ሲያምርለት ዝም አለ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠራን። እሷ በጠዋት ትከፍታለች፣ እንፋሎቱ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ እኔ ይመጣል፣ የእኔ የኮላ ሽታ ወደ እሷ ይሄዳል። "ያ ዐም እድሪስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገማህብኝ?" ትለኛለች፣ አጎት እድሪስ ማለቷ ነው። እኔም "ሳይንስ ነው፣ ዶክትሬት ነው የሚሸተው!" እላታለሁ።

ፎቁ የማን ነው? የሟች ባሏ ወንድም ነው፣ ሐጅ ፈትሒ ይባላል። እኔም የምከራየው ከሱ ነው፣ እሷም ከሱ ነው። ይችን ያዙልኝ።

እና ያን ቀን፣ በብርዱ ወራት፣ ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ነው፣ ሰማዩ ጥቁር አለና ወረደ። ምን ወረደ ልበላችሁ! የአገሬ ዝናብ ነው የወረደው። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እኛ አገር ዝናቡ ሲወርድ ገደል አለ፣ ወንዝ አለ፣ መሄጃ አለው። እዚህ የት ይሂድ? አስፋልት ላይ ተኛ። ተኛና ዝቅ ያለ ቦታ ፈለገ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ እኔና ኡም ከሪም ነን።

እኔ ላይ ነበርኩ፣ በር ላይ። ውሃው ደረጃውን እንደ ሰው እየረገጠ ሲወርድ አየሁት። ጠረጴዛዬ ላይ የሰባት ተማሪ ጽሑፍ አለ። የሰባት ሰው ድካም። ታዲያ ምንም አላሰብኩ፣ ጋላቢያዬን፣ ረጅሙን ቀሚሴን፣ ሰብስቤ ልወርድ ስል፣ አንገቴን የሚያንቅ ነገር ከኋላዬ ያዘኝ። ኡም ከሪም ናት። ልብሴን ጨምድዳ ይዛለች።

"ካህረባ! ያ ዐም እድሪስ፣ ካህረባ!" ትላለች። መብራቱ፣ ኤሌክትሪኩ አልጠፋም ማለቷ ነው።

"ልቀቂኝ፣ መጽሐፉ!"

"መጽሐፉን ሌላ ይጽፉታል! አንተን ማን ይጽፍሃል?"

እና ቆምኩ። ቆመን አየን። ውሃው ውስጥ የሷ ካውያ ገመድ ጭስስ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ብወርድ ኖሮ ዛሬ ለናንተ የሚያወራ ሽማግሌ አልነበረም።

በማግስቱ የወጣው ጭቃ ነው። ወረቀቱ ሁሉ እንደ ገንፎ ሆኗል። የሷ ካውያ፣ የሰፈሩ ሰው ሸሚዝ፣ የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር፣ ሁሉም አንድ ቀለም ሆኖ ወጣ። እሷ አላለቀሰችም። መጥረጊያ ይዛ ትጠርጋለች፣ ውሃ ትጠርጋለች፣ ውሃው ይመለሳል፣ ትጠርጋለች።

ታዲያ መንግሥት ተናገረ። ቤቱ ለፈረሰበት፣ ሱቁ ለተበላሸበት ሰው መቋቋሚያ እንሰጣለን አለ። ሳምንት ሳይሞላ ለጅና መጣ፣ ኮሚቴ ማለት ነው፣ ሁለት ሰዎች፣ ቅጽ የያዙ። እኔ ዘንድ ወረዱ። ወጣቱ ልጅ ጨዋ ነው፣ አዘነልኝ፣ ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገ፣ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ "ዜግነትህ?" አለኝ። "ሐበሺ" አልኩት። እስክሪብቶው ቆመ። ቀና አለና "ማሌሽ ያ ዐም፣ ይሄ ለአገሬው ነው" አለኝ፣ ማሌሽ ይቅርታ ማለት ነው። ክፋት አይደለም፣ ትእዛዙ እንደዚያ ነው። ሰው ደግሞ "6ኛ ኦክቶበር የሚባለው ከተማ ሂድ፣ የስደተኞች ቢሮ አለ" አለኝ። በሁለት ማይክሮባስ ሄድኩ። እነሱም በደንብ ሰሙኝና "እኛ ለቤተሰብ እንጂ ለሱቅ የለንም" አሉኝ። ኸላስ፣ በቃ። ተመለስኩ።

የኡም ከሪም ግን የባሰ ሆነ። ኮሚቴው ወደ እሷ ከመግባቱ በፊት ሐጅ ፈትሒ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠብቋቸው ኖሯል። "ይሄ ሱቅ የኔ ነው፣ እሷ ተቀጥራ የምትሠራልኝ ናት" አላቸው። የወንድሙን ሚስት! የሱቁ ፈቃድ በሟቹ ስም ነው፣ እሱም ቢሆን ውሃ በልቶታል። እና የመቋቋሚያው ቢሮ ምን አላት፣ "ሱቁን ማን እንደያዘው የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች አምጪና ይመስክሩ።"

አንደኛው ተገኘ፣ ማዶ አትክልት የሚሸጠው ሰውዬ። ሁለተኛው ጠፋ። ፎቁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሐጅ ፈትሒ ተከራይ ነው፣ ማን ይናገራል? አንዱ "አሞኛል" አላት፣ አንዷ "ባሌን ልጠይቅ" ብላ በሩን ዘጋች። እና ኡም ከሪም እኔ ዘንድ መጣች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "መስክርልኝ" አላለችኝም፣ ልብ በሉልኝ። "ከሪም ከሠራዊቱ እስኪመለስ ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ ዛማሌክ አንድ ቤት አግኝቻለሁ" ብቻ ነው ያለችኝ። በስድሳ ዓመቷ!

ለምን እንዳልጠየቀችኝ ታውቃላችሁ? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። ለማደስ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው በመንግሥት ቢሮ በኩል አያልፍም፣ መንገዱን ይቀይራል። እሷም ይሄን ታውቃለች።

ቤት ገብቼ ለዘይነብ ነገርኳት። ባለቤቴን ታውቋታላችሁ።

"ትሄዳለህ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ካላወቅክ አትሂድ። ይይዙሃል። ባይዙህ ሰውዬው ከባድሩሙ ያስወጣሃል። እኔ እዚህ አገር ማን አለኝ?"

ልክ ናት። ሁለት ቀን አልሄድኩም። ልጆች፣ ጀግና አይደለሁም። እነዚያን ሁለት ቀናት በሩቁ ዞሬ ነው የሄድኩት፣ ኡም ከሪምን እንዳላያት። ሃያ ዓመት ሰላም ያልኳትን ሴት! ይሄን ስጽፍ አፈርኩ አትበል ሰዒድ፣ እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ እንደዚያ ብለህ ጻፍ።

በሦስተኛው ቀን ከእስር ቤት ይልቅ ይሄ መዞሩ ከበደኝ። ጋላቢያዬን አጥቤ፣ የኢቃማ ካርዴን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ዘይነብ በሩ ላይ ቆመች፣ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

ቢሮው ውስጥ ሰው እንደ ንብ ነው። ሁሉም እርጥብ ወረቀት ይዟል፣ አንዱ ወረቀቱን መስኮት ላይ ዘርግቶ ያደርቃል። ወንበር ላይ ያለችው ሴትዮ ነች፣ መነጽር ያደረገች፣ የደከማት። ኡም ከሪም ቆማለች። ሐጅ ፈትሒም አለ፣ መቁጠሪያውን ይዞ። እኔን ሲያይ ሳቀ።

"ምስክርሽ ይሄ ነው?" አላት። ወደ ሴትዮዋ ዞሮ "ያ ኡስታዛ፣ ይሄ ሰውዬ ባዕድ ነው። ኢቃማውን ጠይቂው!" አለ።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች። ካርዴን ሰጠኋት። ቀኑን አየችው። አየችው፣ አየችው።

"ይቺን ሴት ታውቃታለህ?" አለችኝ።

"አውቃታለሁ።"

"ምን ትሠራለች?"

ታዲያ ምን ልበላችሁ፣ አፌ ተፈታ። የተማርኩት ዐረብኛ፣ ያልጨረስኩት ትምህርት፣ ያን ቀን ሠራልኝ። "ልብስ ትተኩሳለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት። ካውያው ሲበላሽ የምታሠራው እሷ ናት፣ ያሠራችበትን ቀን አውቃለሁ፣ ሲሞከር የኔን መብራት ነው የምትጠቀመው። የሰፈሩን ዶክተር ሸሚዝ ኮሌታውን ለብቻ ትተኩሳለች። በረመዳን ለምስኪን በነፃ ትተኩሳለች። ይሄን ሐጅ ግን ኪራይ ሊቀበል ካልሆነ ደረጃውን ሲወርድ አይቼው አላውቅም" አልኩ።

"ውሸታም!" አለ ሐጅ ፈትሒ።

ሴትዮዋ ካርዴን ይዛ ተነሳች። "ቆዩ" አለችና ወደ አለቃዋ ገባች። ያን ጊዜ ነው አለቀልኝ ያልኩት። በሩን አየሁት፣ ቅርብ ነው፣ ካርዴ ግን እሷ ጋ ነው። ኡም ከሪም ቀስ ብላ "ሂድ ያ ዐም እድሪስ፣ በአላህ ሂድ" አለችኝ። "የት ልሂድ?" አልኳት።

ቆየች። ተመለሰች። ተቀመጠች፣ ቅጹን አወጣች፣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገችና ለሐጅ ፈትሒ አነበበችለት። "እዚህ የሚለው 'የጎረቤት ምስክር' ነው። የዜጋ አይልም። ጎረቤቷ ነው አይደለም?" መቁጠሪያውን ቆጠረ። "ተከራይህ ነው አይደለም? አንተው ነህ ያስገባኸው።" ወደ እኔ ዞረች። "ፈርም ያ ዐም" አለችኝ፣ ካርዴንም ሰጠችኝ፣ ዝቅ ብላ "ቀጠሮህን እንዳታሳልፍ" አለችኝ። ያዕኒ፣ ማለትም ቀኑ ማለፉን አይታዋለች። አይታው ነው ያለፈችው።

የቢሮው ደረጃ ላይ ሐጅ ፈትሒ ደረሰብኝ። "ወሩ ሲያልቅ ቁልፌን" አለኝ። ቁልፉን እዚያው ሰጠሁት። ጭቃ ነው የሚረከበው፣ ምን ይጎዳኛል? ብዬ ነበር። ጎዳኝ እንጂ። የሥራ ቦታ የሌለው ጠራዥ ምንድን ነው?

ኡም ከሪም መቋቋሚያው ወጣላት፣ ቆይቶም ቢሆን ወጣላት። ሁለት መንገድ አልፎ፣ መሬት ላይ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ይዛ አዲስ የእንፋሎት ካውያ አስገባች። ጥግ ላይ ለኔ ጠረጴዛ ልታደርግ ነበር፣ አልበቃም፣ ሰው የሚቆምበት እንኳ የለም። እንደምታዩኝ እዚህ ቤት፣ የዘይነብ መኝታ ቤት ጥግ ነው የምጠርዘው። ቀጠሮዬም ደረሰ፣ ኢቃማዬም ታደሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰባቱን ተማሪዎች አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስድስቱ ኮምፒውተር ላይ አላቸው። አንዱ አልነበረውም፣ የጅማ ልጅ ነው፣ እንደገና ጻፈው፣ እኔም ስጠርዝለት ክሩን ደርቤ ሰፋሁለት።

— አባባ፣ እርስዎ ግን ለራስዎ ምንም ሳያገኙ ቀሩ ማለት ነው?

ምን አልክ ሰዒድ? ምንም? ቆይ ልንገርህ። እኔ እዚህ አገር የገባሁ ጊዜ ወረቀቴ ላይ "ተማሪ" ይላል። ከዚያ "ባዕድ" አለ። ከዚያ "ስደተኛ" አለ። ወረቀት ሲቀያየር ስንት ስም ተሰጠኝ መሰለህ! ያን ቀን ልፈርም ጎንበስ ስል ሴትዮዋ የጻፈችውን አየሁት፣ በዐረብኛ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ማኅተም ሊያርፍበት ባለው ቦታ። "እድሪስ፣ ጎረቤት" ይላል። ሌላ ነገር የለውም። መንግሥት የሚሰጠው ነገር ብዙ ዓይነት ነው ልጄ፣ ያች ለኔ የደረሰችኝ ናት፣ አላማርርም።

(ከውስጥ ወይዘሮ ዘይነብ፦ "እሱን ወረቀት ይዘህ ሂድና ኮላ ግዛበት! አልጋዬ ላይ የደረቀውን ኮላህን ማን ሊያነሳልኝ ነው?")

ሰማችሁ? ሃ ሃ ሃ! ይኼው፣ እዚህ ቤት ጎረቤትም አይደለሁም፣ ተከራይ ነኝ!